የሳይንስ ፈተና ምርጫ ብቻ ይሁን? የአዳማ መምህራንና ወላጆች ክርክር

ጠመኔ (የ8ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር)፦
ሰላም ናችሁ? ክርክሩን እኔ ልክፈተው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ለሞዴል ፈተና ጥያቄ አውጣ ተባልኩ። "ንጹህ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?" ብዬ ጻፍኩ። ምርጫው 90፣ 94፣ 100፣ 110። መልሱ 100፣ አለቀ። ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ አንዲት ልጅ መጣች። "ቲቸር፣ እኔና ወንድሜ ቤት ለክተነዋል። 94 ላይ ቆመ፣ አልጨምር አለ" አለችኝ። መጽሐፉ 100 ይላል ብዬ ሸኘኋት። የደነገጥኩት ከሄደች በኋላ ነው። አዳማ እኮ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሸመደዱት ማርክ አገኙ። ለክታ ያየችው ልጅ ተቀጣች።

ሀሳቤ ይኸው። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ሳይንስ ምርጫ ብቻ መሆኑ ይቅር። ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ልጁ በራሱ ቃል የሚመልሰው ይሁን። ያቺ ልጅ "94፣ ምክንያቱም ለክቼ አይቻለሁ" ብላ የምትጽፍበት ሁለት መስመር ቢኖራት ኖሮ እኔም አላፍርም ነበር።

የድሮ ሚኒስትሪ (ጡረታ የወጣሁ መምህር)፦
ልጅቷን ይቅርታ ጠይቃት፤ ማርኳንም ስጣት። ሀሳብህን ግን አልቀበልም። እኔ ጽሑፍ አርሜያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ወረቀቶች በፍቅር ታነባለህ። መቶ ስትደርስ የእጅ ጽሑፉ ላማረው ታዳላለህ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሁሉም ስህተት ይመስልሃል። ሒሳቡንም ሥራው። 1,000 ተማሪ ሦስት ሦስት መልስ ቢጽፍ፣ ለአንዱ መልስ አንድ ደቂቃ ብትሰጥ 50 ሰዓት ነው። ያውም አንድ አራሚ ብቻ ካየው። ክልሉ ውስጥ ያለው ተማሪ ደግሞ አንድ ሺህ አይደለም። ምርጫን የሚያርመው ማሽን ግን የማንን ልጅ ወረቀት እንደሚያርም አያውቅም። ለድሃ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዳኛ አላየሁም።

ቁጥር ይቅደም (የትምህርት ምዘና ያጠናሁ)፦
ጋሼ ልክ ናቸው፣ መምህርም ልክ ነው። ጥፋተኛው ግን ምርጫ መሆኑ አይደለም፤ ጥያቄው ሳይሞከር መቅረቡ ነው።

ጠመኔ፣ የዚያን ጥያቄ ውጤት ቆጥረኸዋል? ቀላል ነው። 100 ወረቀት ካለህ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ደርድር። ከላይ 27፣ ከታች 27 ውሰድ። ከላዮቹ 20 ልጆች፣ ከታቾቹ 8 ልጆች አግኝተውት ከሆነ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የገባውን ካልገባው ይለያል። እኩል ካገኙት ወረቀት ማባከን ነው። የታቾቹ ከላዮቹ በልጠው ካገኙት ደግሞ ወይ መልሱ ተሳስቷል፣ ወይ ጥያቄው ጎበዙን እያሳሳተ ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

ቲምስ የሚባል ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ምዘና አለ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ለ4ኛና ለ8ኛ ክፍል ይሰጣል። እኛ ተሳትፈን አናውቅም፤ አሠራሩን ማየት ግን ማንም አይከለክለንም። አዲስ ጥያቄዎቹ ዋናው ፈተና ሳይደርስ በተማሪ ላይ ይሞከራሉ፤ የማይረቡት ይጣላሉ። ለ8ኛ ክፍል ሳይንስ 35 በመቶው ማወቅን፣ 35 በመቶው ያወቁትን መጠቀምን፣ 30 በመቶው ማመዛዘንን ይለካል። ለ4ኛ ክፍል 40፣ 40፣ 20 ነው። ከነጥቡ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከምርጫ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ምርጫ ማለት ሽምደዳ ማለት አይደለም።

ጠመኔ፦
አልቆጠርኩም። ማን ይቆጥራል? ቢጋሩን ግን ሞልቻለሁ፤ ሁላችንም እንሞላለን። ከየምዕራፉ ስንት ጥያቄ፣ ስንቱ ማስታወስ፣ ስንቱ መረዳት፣ ስንቱ መተግበር የሚል ሠንጠረዥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ብዙ ጊዜ ጥያቄው መጀመሪያ ይወጣል፣ ቢጋሩ ከኋላ ይሞላል። "ይህቺን መተግበር በላት" ይባላል። ትሆናለች።

የሦስት ልጆች እናት (ከፍራንኮ ሰፈር)፦
እኔ መምህር አይደለሁም፤ ግን እንደ እናት ልናገር። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነው። አስጠኚው ያስተማረው ዘዴ ይሄ ነው። ረጅሙን ምርጫ ያዝ። "ሁሉም መልስ ናቸው" ካለ እሱን አጥቁር። ካላወቅክ ሐ። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ፈተናው 60 ጥያቄ ከሆነ፣ ባለ አራት ምርጫ፣ ጥያቄውን ጭራሽ ሳያነብ በዕድል ብቻ 15 ያገኛል።

ሌላው ቋንቋው ነው። ልጄ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንደሚሠሩ አሳምሮ ያውቃል። ፈተናው ላይ "ብርሃን አስተፃምሮ" ሲለው ደነገጠ። አስጠኚው ፎቶሲንተሲስ ሲለው ነው የከረመው። "እፍጋት" (ዴንሲቲ) የሚለውንም ዘለለው። ዘይት ለምን ከውሃ በላይ እንደሚሆን ግን ወጥ ስሠራ ቆሞ አስረድቶኛል። ከዚያ ደግሞ "ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ አይደለም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔ ራሴ ሦስቴ አንብቤ ተውኩት። ሳይንሱን ነው የምትለኩት ወይስ ግዕዙን?

የድሮ ሚኒስትሪ፦
እህቴ፣ ቃሉም የትምህርቱ አካል ነው። ሐኪም "ያ ነገር" እያለ አያክምም። የመጨረሻዋን ጥያቄ ያወጣውን ሰው ግን አልከላከልለትም።

የወንጂ ልጅ (ኢንጂነር)፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ የነፋስ ማመንጫዎቹ ይታያሉ። አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ አዳማ ሁለት 102፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ልጆቻችን በየቀኑ ያዩታል። ፈተናው ግን "ከሚከተሉት የኃይል ዓይነት ያልሆነው የቱ ነው?" ይላል። ለምን ምስሉን ሰጥተው "ነፋሱ የተርባይኑን ክንፍ ከሚመታበት አንስቶ አምፖሉ እስኪበራ ኃይሉ ከምን ወደ ምን ተለወጠ?" ብለው አይጠይቁም?

ወንጂ ላይ ደግሞ ፍሎራይድ አለ። እኔ ያደግኩት ጥርሳቸው ቡኒ በሆነ ልጆች መሃል ነው፤ የራሴም ንጹህ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። ጥርስ ያበላሻል፣ ሲበዛና ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የሦስት ጉድጓድ ቁጥር በሠንጠረዥ ሰጥተህ "ለሕፃናት የቱን ትመርጣለህ? ለምን?" ብትል ይሄ ሳይንስ አይደለም?

ቁጥር ይቅደም፦
የፍሎራይዱን ወድጄዋለሁ። የተርባይኑ ላይ ግን ቆም በል። ክልላዊ ፈተና ነው። ቦረና ያለ ልጅም፣ ወለጋ ያለ ልጅም ይፈተነዋል። ተርባይን አይቶ የማያውቅ ልጅ የሚሸነፈው በሳይንስ ሳይሆን በመልክዓ ምድር ይሆናል። የፍሎራይዱ ጥያቄ የሚያምረው የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ጥያቄው ውስጥ ስላለ ነው። ወንጂን ረግጦ የማያውቅም ሠንጠረዡን አንብቦ ይመልሳል። (ሥዕል ከተባለ ግን የልጆች ጥርስ ሥዕል እንዳይለጠፍ አደራ። ጥርሱ ቡኒ የሆነ ልጅም እኮ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይፈተናል።)

ጠመኔ፦
እሺ፣ ማረሙ ከከበደ ሌላ መንገድ አለ። ተግባሩን ትምህርት ቤት ይያዘው። ኬንያ ልጆችን የሚያወዳድረውን የ8ኛ ክፍል ፈተናዋን በ2023 እ.ኤ.አ. ለመጨረሻ ጊዜ ሰጥታ አቁማዋለች። አሁን ልጁ በክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራም ይያዝለታል። እኛም ውሃ ማፍላቱን፣ ዘር ማብቀሉን መምህሩ ዓመቱን ሙሉ እያየ ማርክ ቢሰጥስ?

ኮሪደር (የግል ትምህርት ቤት መምህርት)፦
ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ። እኔ በነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ከ85 በታች ማርክ ስሰጥ ቢሮ እጠራ ነበር። "ወላጅ ይከፍላል" ይሉኛል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትራንስክሪፕታቸውን ብታዩት ግን ሁሉም ዶክተር ነው የሚመስለው። የክፍል ማርክ ከክልላዊ ጋር ይደመር ካላችሁ ዘር ያላበቀለ ልጅ አይገኝም። በወረቀት ጫካ እናበቅላለን።

የድሮ ሚኒስትሪ፦
አየህ? ማሽኑን ለዚህ ነው የምወደው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ ማሽኑ ያቺን ልጅ 94 ብላ ስታጠቁር ዜሮ ነው የሰጣት።

ቁጥር ይቅደም፦
አንድ ነገር እየተደባለቀ ነው። ልጁን ከክፍል ክፍል የሚያሳልፍ ፈተና ሌላ፣ የሀገሩን ትምህርት የሚለካ ምዘና ሌላ። በ4ኛና በ8ኛ ክፍል በናሙና የሚሰጥ ሀገር አቀፍ የትምህርት ምዘና አለን። እዚያ ማንም አይወድቅም። ጽሑፉንም፣ ሙከራውንም እዚያ አስገቡት፤ ወረቀቱ ጥቂት ስለሆነ ሁለት ሁለት አራሚ ማየት ይችላል። ልጅ የሚያሳልፈው ፈተና በምርጫ ይቆይ፤ ግን ጥያቄው ይሞከር፣ "ሁሉም መልስ ናቸው" ይውጣ፣ "ያልሆነው የቱ አይደለም" ይቀበር።

ጠመኔ፦
አልተስማማሁም። ልጅ የሚያጠናው ማርክ ያለበትን ነው። መጻፍ ማርክ ከሌለው እኔም ክፍል ውስጥ አላስጽፍም፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ቢሆንም የውሃዋን ጥያቄ እንደገና ጻፍኳት። ፍረዱ።

"አንድ ተማሪ አዳማ ውስጥ ንጹህ ውሃ አፈላ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ ላይ ቆመ። መጽሐፉ 100 ይላል። ዋናው ምክንያት የቱ ነው?
ሀ. ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል
ለ. አዳማ ከባህር ወለል ከፍ ስላለች የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል
ሐ. ድስቱ ትንሽ ነው
መ. እሳቱ ደካማ ነው"

ኮሪደር፦
ትክክለኛው መልስ ከሁሉም ረጅም ነው። የፍራንኮው ልጅ ሳያነብ ያገኘዋል።

የሦስት ልጆች እናት፦
አላገኘውም! አሁን ሰጠሁት፤ ሀ አለኝ። ለምን ስለው፣ "እማ፣ ትምህርት ቤታችን ያለው ቴርሞሜትር በሙሉ ተበላሽቷል" አለኝ።

ቁጥር ይቅደም፦
ጠመኔ፣ "በሚሠራ ቴርሞሜትር" የሚል ጨምርበት። "ለ"ን ደግሞ አሳጥራት።