አሮጌ ኤንፒአር ዘይት እየደፋ አስቸገረኝ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሳናወርድ መላ ካላችሁ

የኩታበር ድንች ጫኝ (ደሴ)

ሰላም ወንድሞች፣ እስኪ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። ያለኝ አይሱዙ ኤንፒአር ነው፣ በፈረንጅ 1988 ሞዴል፣ ሞተሩ አሮጌው ፎር ቢዲ ዋን፣ 3.9 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው። አባቴ ሰርቶበት ለኔ የተወልኝ መኪና ነው፣ ከኩታበር ድንች እየጫንኩ ደሴም ኮምቦልቻም አወርዳለሁ፣ ቤቴ ሚተዳደረው በሱ ነው።

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ስለነበር ማታ ካርቶን ከስር እያነጠፍኩ አሳድረው ነበር፣ አሁን ግን ኮምቦልቻ ደርሼ ስመለስ፣ ደርሶ መልስ 50 ኪሎሜትር ቢሆን ነው፣ ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድለዋል። ከስር ገብቼ ሳየው ኮፓው (የሞተሩ የታች ዘይት መያዣ) ዙሪያውን ረጥቧል፣ ዋናው ግን ካምቢዮና ሞተሩ ሚጋጠሙበት ታች ላይ ነው ሚንጠባጠበው። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና የኋላው የክራንክ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ሚይዘው ቀለበት ጎማ) ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት አለኝ፣ የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ የሁለት ወር ስራዬን ጠራርጎ ሚወስድ ነው፣ መኪናው ቆሞ ሚያከስረኝን ሳልቆጥር።

ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጥገና ላይ ነው ሚሰራው፣ መኪና ሙያው ባይሆንም አንዲት ብሎን ሲፈታ እንኳ በስርአት ነው፣ እሁድ እመጣልሃለሁ አብረን እናየዋለን ብሎኛል። ክሪክ አለን፣ ካቫሌቶ (መደገፊያ) አለን፣ ቡሶላ (የብሎን መፍቻ) ሙሉ አለው። ግን ካምቢዮ ግቢ ውስጥ ለሁለት ሰው ከባድ መሰለኝ። የኋላው ሲል መሆኑን ሳናወርድ ምናረጋግጥበት መንገድ አለ ወይ? ሌላው ደግሞ ሰው ሁሉ ወፍራም ዘይት ሙላበት ያቆመዋል ይለኛል፣ እውነት ነው?

ቧንቧ ውሃ መካኒክ

አብሽር ወንድሜ፣ ካምቢዮውን ገና አትንካው። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይነዳዋል፣ ስለዚህ ከየትም ይምጣ መጨረሻ ላይ ምታገኘው ኮፓው ላይና ካምቢዮ መጋጠሚያው ላይ ነው። ጠብታውን አትከተል፣ ከሁሉም ከፍ ብሎና ከሁሉም ወደፊት ሆኖ የረጠበውን ቦታ ነው ምትፈልገው።

እሁድ ምንም ሳትፈቱ መጀመሪያ እጠቡት። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ያንን የተጋገረ ጭቃና ዘይት በናፍጣና በብሩሽ አንሱት፣ ከዛ በኦሞ ውሃ፣ ዲናሞውንና የአየር ማስገቢያውን ግን በፌስታል ጥብቅ አርጋችሁ ሸፍኑ። ሲደርቅ የህጻናት ፓውደር በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ሞተሩ ላይ አራግፉበት፣ ነጭ ይሆንላችኋል፣ ዘይት የነካት ቦታ ወዲያው ጠቁራ ትታያለች። 15 ደቂቃ ቆሞ ይስራ፣ ባትሪ ይዛችሁ ከላይ ጀምራችሁ ፈልጉ፣ እጃችሁንና ልብሳችሁን ከፋኑና ከቺንጋው አርቁ። ቆሞ ካላሳየ ቦሩ ሜዳ ድረስ ነድታችሁ ተመለሱና እንደገና እዩት።

ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳንም ክፈቱት። ትንሽ እንፋሎት ቢጤ ቢወጣ ጤነኛ ነው። እንደ ምድጃ እየገፋ ሚተነፍስ ከሆነ ግን ወይ መተንፈሻ ጎማው ተደፍኗል ወይ የፒስቶኑ ፋሻ (ቀለበቶቹ) አልቋል። ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ (በየመጋጠሚያው ማሸጊያ) እየገፋ ያወጣዋል፣ አንዱን ስትደፍን በሌላው ይመጣል። ስንት ሰው ነው መተንፈሻውን ሳያይ ሲል ሲቀይር ብሩን የጨረሰው፣ እኔ ጋ ራሱ በሶስተኛው ጋራዥ ሚመጡ አሉ፣ ያሳዝኑኛል።

ወፍራም ዘይቱን ተወው። የደሴን ጠዋት ታውቀዋለህ፣ በዛ ብርድ ወፍራም ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፣ የደረቀ ጎማ ደግሞ በዘይት ውፍረት አይድንም። ምትሞላው 15/40 ከሆነ እሱው ይቀጥል።

አሰብ መንገድ

ልጄ፣ እኔ ኤንትሬ ፊያት ይዤ በባቲ በሚሌ አሰብ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወደቡ በ1990 እስኪዘጋብን ድረስ። የኋላው ሲል ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይነግርሃል። ጭነህ ሐረጎን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለው፣ ዘይት ፍሪሲዮኑ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እዛ መንገድ ላይ ከ1850 ሜትር ገደማ ወደ 2500 ገደማ ነው ምትወጣው፣ የደከመ ፍሪሲዮን እዛ አይደበቅም። ፍሪሲዮንህ ደህና ከሆነ ያንን ሲል ቶሎ አትጠርጥረው።

ደግሞ ሚንጠባጠበውን ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበለው። የካምቢዮው የፊት ሲልም እዛው ቦታ ነው ሚያፈሰው። አይሱዙ ካምቢዮ ላይ የሞተር ዘይት ነው ሚሞላው፣ ስለዚህ በውፍረት አትለየውም፣ በቀለም ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸት ስላለው ጥቁር ነው፣ የካምቢዮው ጠራ ያለ ነው። ጠራ ያለ ካየህ የካምቢዮህን ዘይት ልክ እየው፣ ጎድሎ ይሆናል።

ጓደኛህን ደግሞ አክብረው፣ ምሳውን ከምሳ ሰአት አታሳልፍበት፣ የተራበ ሰው ብሎን ያበላሻል።

የድሮ ረዳት (ኮምቦልቻ)

ሁሉም ያሉት ልክ ነው ግን አንድ ቦታ አልተጠቀሰም፣ እኔ ስድስት አመት ኤንፒአር ላይ ረዳት ሆኜ ሰርቻለሁ እኛን ያሰቃየን እሱ ነበር። ከዲናሞው ጀርባ ተለጥፋ ምትዞር ቫኪዩም ፓምፕ (አየር መሳቢያ) አለች። ለመለስለሻ ከሞተሩ ዘይት በቀጭን ቱቦ ይገባላታል፣ በወፈር ያለ ጎማ ደግሞ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ያ ጎማ ከሙቀት ብዛት እንደ እንጨት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ መኪናው ቆሞ ሲሰራ ላብ ብቻ ነው ምታየው፣ በመንገድ ላይ ግን በደንብ ይደፋል።

ወንድሜ ይሄንን ሚያስፈራኝ በዘይቱ ብቻ አይደለም። የፍሬኑ ሰርቮ (እግርህን ሚያግዘው) ሚሰራው በዛች ፓምፕ ቫኪዩም ነው፣ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ከራሱ ቫኪዩም አያገኝም። ዘይት ካጠራት ፓምፗ ትበላለች፣ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፣ ሐረጎን ቁልቁል ድንች ጭነህ ስትወርድ ደግሞ ሚሆነውን አንተ ታውቃለህ። አሁኑኑ ሞክረው፣ ሞተሩን አጥፍተህ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ እርገጥ፣ ሲጠነክር እንደረገጥከው ይዘህ አስነሳው። ከእግርህ ስር ትንሽ ዝቅ ካለ ይሰራል፣ ካላለ እባክህ አትጫን።

የኩታበር ድንች ጫኝ

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ፍሬኑን አሁን ግቢ ውስጥ ሞከርኩት፣ ዝቅ ብሏል ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ዘግየት ይላል። ለቅዳሜ የያዝኩትን ጭነት ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ተንሸራቶብኝ አያውቅም። ኮፓውስ? ብሎኖቹን ማጥበቅ ይበቃል ወይስ ይፈታ?

ቧንቧ ውሃ መካኒክ

ኮፓው መጨረሻ ላይ ነው ሚታየው፣ ከላይ የወረደ ዘይት ይሆናል ያረጠበው። ብሎኖቹን በጉልበት እንዳታጠብቁ፣ የቆርቆሮው ከንፈር በየብሎኑ ቀዳዳ ይጎደጉድና ከዛ ወዲያ ማንም አያቆመውም። መፈታት ግድ ከሆነ ከንፈሩን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ በመዶሻ ቀስ አርጋችሁ ማቃናት፣ የድሮውን ጓርኒሲዮን ሳትቧጭሩ ማጽዳት፣ ከመሀል ወደ ዳር በመስቀል እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። ሲሊኮን ደግሞ በቀጭኑ። የተረፈው ወደ ውስጥ ይወጣና ተቆርጦ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ያኔ ሚጠፋው ሞተሩ ነው።

የኩታበር ድንች ጫኝ

እሁድ ሰራነው፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጓደኛዬ ጠዋት 2 ሰአት ላይ ደረሰ፣ እስከ 6 ሰአት ስንፍቅ ብቻ ነው የዋልነው፣ ከሞተሩ ጀርባ የወጣው ጭቃ አንድ ባልዲ ይሞላል፣ አባቴ በነበረ ጊዜ የተጋገረ ሁሉ ነው። ሲጸዳ የሞተሩ ቁጥር ታየ፣ እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ፓውደሩን አራገፍንና አስነሳነው፣ ቆሞ ምንም አላሳየም፣ ቦሩ ሜዳ ደርሰን ስንመለስ ግን ሁለት ቦታ ጠቁሯል። አንዱ የድሮ ረዳት እንዳለው የቫኪዩም ፓምፑ መመለሻ ጎማ፣ ጎንበስ ስናደርገው ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ሁለተኛው የቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ፣ ጓርኒሲዮኑ ጎማ መሆኑ ቀርቶ እንደ ፕላስቲክ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ከዛ ጥግ ዘይቱ ቀጥ ብሎ በሞተሩ ጀርባ ይወርድና ካምቢዮ መጋጠሚያው ላይ ይንጠባጠባል። ያ ልጅ የኋላ ሲል ያለኝ ይሄንን ነው። ወረቀት ላይ ስንቀበለው ጥቁር ነበር።

መተንፈሻ ጎማውን ስናወጣው በጥላሸትና በዘይት አተላ ግማሹ ተደፍኗል። በናፍጣ አጥበን መለስነው፣ ክዳኑ ሲከፈት አሁን ለስለስ ያለ እንፋሎት ብቻ ነው ያለው፣ ፋሻው ደህና ነው ማለት ነው፣ ደስ አለኝ።

የቫኪዩም ፓምፑ መመለሻ ጎማ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መለዋወጫ ሱቅ የሰጡኝ የራዲያተር ውሃ ጎማ ነበር፣ ልኩ ልክ ነው፣ እኔ ልገጥመው ስል ጓደኛዬ ከእጄ ቀማኝ፣ የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጥና ይለሰልሳል፣ በወር ውስጥ እዚሁ ነን አለኝ። ሰኞ ከስራ በኋላ ዘይት ሚችል ጎማና አዲስ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ኮምቦልቻ ፈልጎ ገዝቶ ማታ 1 ሰአት ላይ ይዞልኝ ወጣ፣ በባትሪ መብራት ገጠምናቸው። የትራንስፖርቱን ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ።

ከዛ ወዲህ ሶስት ጊዜ ኮምቦልቻ ተመላልሻለሁ፣ የዘይት መለኪያው ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ ፍሬኑም ሲረገጥ ወዲያው ይይዛል። ኮፓው ደርቋል፣ አልፈታነውም። ከፊት የክራንክ ፑሊው ጀርባ ትንሽ ላብ ቀርታለች፣ ፓውደሩ ላይ የጣት ጥፍር ታክል ነች። እሷን አሁን ልስራት ወይስ ልተዋት?

አሰብ መንገድ

ማይጠባጠብ ላብ ከሆነ ተዋት ልጄ። የዛሬውን የዘይት ልክና ኪሎሜትሩን ጻፈው፣ በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሜዳ ላይ አቁመህ እየው። መጠባጠብ ስትጀምር ፑሊውን ብቻ አውርደህ ትቀይራታለህ፣ ካምቢዮ አያስነካህም።