ለጓሮ የትኛው የቀይ ስር ዘር ይሻላል? (ሰሚት፣ መረሬ አፈር)

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮዬ ትንሽ ናት 3 በ4 ሜትር ብትሆን ነው፣ ጎመንና ቆስጣ ጥሩ ይወጣልኛል ቀይ ስር ግን እምቢ አለኝ። አምና በፓኬት ገዝቼ ዘራሁ፣ ቅጠሉ እንደ ጉድ አደገ ስሩ ግን ከጣቴ አይበልጥም፣ ለፆም ይደርስልኛል ብዬ ስጠብቅ ስለነበር ነቅዬ ሳየው በጣም ነው ያዘንኩት። ፓኬቱ ላይ ዲትሮይት ዳርክ ሬድ ይላል። አሁን ሜሪላንድ ያለች እህቴ ሌላ ዓይነት ልላክልሽ ብላኛለች፣ ሲሊንድራ፣ ኪዮጃ፣ ቢጫው ጎልደን የሚባለው... የቱን ልበላት? አፈሩ መረሬ ነው፣ ሲዘንብ ይጣበቃል ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በብዛት የምሰራው ከድንች ጋር ቀቅዬ በሎሚና በቃሪያ ነው።

የለቡ ጓሮ፦
እህቴ ዘሩ ላይ አትፍረጂ፣ ዲትሮይት እኮ ከ1890ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጅ) የሚዘራ የታወቀ ዘር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ችግኙን አሳስተሽዋል፣ ማለቴ የተጠጋጋውን ቀንሰሽ አራርቀሽዋል? የቀይ ስር ዘር ብለን የምንዘራት አንዷ ሻካራ ፍሬ ውስጥ 2 ወይ 3 አንዳንዴም ከዛ በላይ ዘር አለ፣ ስለዚህ አራርቄ ዘራሁ ብትዪም ተደራርቦ ነው የሚበቅለው፣ ካልሳሳ ደግሞ እርስ በርሱ ይሻማና ስር የሚባል ነገር አይዝም። ሁለተኛ ምን ማዳበሪያ አደረግሽ?

የሰሚቷ፦
የዶሮ ኩስ ነው ያደረግኩት፣ ሳይቆይ ከነትኩሱ። አላሳሳሁም፣ የበቀለ ነገር መንቀል አንጀቴን ይበላዋል።

የለቡ ጓሮ፦
በቃ ይሄው ነው ምክንያቱ! ትኩስ የዶሮ ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ሁሉንም ወደ ቅጠል ይወስደዋል። ወራት ቆይቶ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት አድርጊ። ችግኙ 5 ሳንቲ ሲሆን ጠንካራውን ትተሽ ሌላውን በመቀስ ቁረጪው፣ ከነቀልሽው የጎረቤቱን ስር ያናጋዋል። በመሀል 8 እስከ 10 ሳንቲ ይኑር። የቆረጥሽውም አይጣልም፣ ቀይ ስርና ቆስጣ አንድ ዘር ናቸው፣ ቅጠሉን እንደ ቆስጣ ትሰሪዋለሽ።

ከሜሪላንድ፦
እኔም እንደ እህትሽ ሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ ዲትሮይትን ጨምሮ አራቱንም ዘርቻቸዋለሁ ለዛ ነው የገባሁት። ኪዮጃ (ጣሊያን ውስጥ ቬኒስ አጠገብ ያለች ከተማ ስም ነው) ስትቆርጪው ቀይና ነጭ ቀለበት ቀለበት ነው በጣም ያምራል፣ ግን ሲቀቀል ቀለበቱ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ጥሬውን በስሱ ከትፎ ሰላጣ ለሚያደርግ ሰው ነው የሚሆነው። ጎልደን ይጣፍጣል እጅም አያቀላም ግን ከዘራሁት ብዙው አልበቀለልኝም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የኛ ሰላጣ ድንቹን ካላቀላው ምኑን ቀይ ስር ሆነ? ሲሊንድራ የዴንማርክ ነው፣ ረጅም እንደ ካሮት፣ እስከ 15 ሳንቲና ከዛም በላይ ይሄዳል፣ ስትቆርጪው ከላይ እስከታች እኩል እኩል ስለሚወጣ ለቅቅል አንደኛ ነው። መረሬ ላይ ግን አልመክርሽም፣ ወደ ታች የሚሄድበት ለስላሳ አፈር ይፈልጋል።

ሆለታ ያለሁ፦
በመረሬ ላይ ብዙ ዓመት አትክልት ሰርቻለሁ። ማንኛውንም ዓይነት ብትዘሪ መጀመሪያ መደብ ስሪ፣ 25 እስከ 30 ሳንቲ ከፍ አድርጊው፣ አሸዋና ኮምፖስት ቀላቅዪበት፣ ውሃ ከተኛበት ቀይ ስር አለቀለት። ዘሩን ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ 2 ሳንቲ ያህል ብቻ ቅበሪው፣ እስኪበቅል ስስ ሳር አልብሺውና ላዩ እንዳይደርቅ ጠብቂ ምክንያቱም መረሬ ሲደርቅ ቅርፊት ይሰራና ችግኙ ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። በ2 ወር ገደማ የብርቱካን ያህል ሲሆን አውጪው፣ ከዛ በላይ ከቆየ እንጨት እንጨት ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለጋ ሆኖ የሌሊት ብርድ ለሳምንታት ከመታው ደግሞ ስር መያዙን ትቶ አበባ ሊያወጣ ይችላል፣ ጊዜውን አስቢበት። ከውጭ ዘር ለማስገባት የእፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቃል፣ እህትሽ ዝም ብላ በሻንጣ እንዳትልከው።

የሰሚቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እህቴን ተይው እላታለሁ፣ ግማሽ ፓኬት ዲትሮይት ስላለኝ በሱ እሞክራለሁ። ቅዳሜ መደቡን ልጀምር ነው፣ አሸዋው ግን ለግንባታ የሚሸጠው ይሆናል ወይስ ሌላ ነው የምፈልገው?

ሆለታ ያለሁ፦
ይሆናል፣ ደቃቁን ሳይሆን ሻካራውን ውሰጂ። ሲሚንቶ የነካው እንዳይሆን ብቻ እዪው።