አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጣና ዳር ለሚሰበሰበው የተማሪዎች የሒሳብ ክበብ ከባሕረ ሐሳብ (ከቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ማውጫ ስሌት) እንቆቅልሽ እያዘጋጀሁ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተንቀሳቃሽ በዓላትን ለማውጣት ለየዓመቱ የሚሰሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የየትኛውም ዓመት ሲደመሩ 30 ይመጣል። ምክንያቱን ለልጆች እንዴት ላስረዳ?

መልስ 1፦ መምህር፣ መጀመሪያ 2017ን ያሠሯቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲጨመርበት 5500 + 2017 = 7517። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 11 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 11 × 11 = 121፤ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 11 × 19 = 209፤ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው።

ምሥጢሩ ያለው ማባዣዎቹ ላይ ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ብዜቶች በአንድነት ወንበር × 30 ይሆናሉ፤ የቀሪዎቹም ድምር ለ30 እኩል ይካፈላል። እያንዳንዱ ቀሪ ከ30 ስለሚያንስ ድምሩ 60 አይደርስም። እንዴት ያለ ውብ አሠራር ነው!

መልስ 2፦ ልጆቹ የሚሳሳቱት ዳርና ዳር ላይ ነው። በ2024 ቀሪው 0 ይመጣል፤ እንደ 19 ተይዞ ወንበሩ 18 ይሆናል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም። በ2025 ቀሪው 1 ስለሆነ ወንበሩ 0 ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ብዜቶች ዜሮ ስለሚሆኑ አበቅቴው አልቦ (ዜሮ) ተብሎ መጥቅዑ 30 ይደረጋል። 11 ከ30 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌለው፣ ይህ በ19 ዓመት አንዴ ብቻ ያጋጥማል።