«የወንዜ ልጅ» ስንል ለምን ወንዝ?

ጠያቂ፦ ሰው ከአገሩ ርቆ የአካባቢውን ሰው ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ ነው» ይላል። ለምን የተራራዬ ልጅ ወይም የሜዳዬ ልጅ አላልንም? ከአንድ ወንዝ ጠጣን ለማለት ይሆን?

መላሽ 1፦ ብዙ ሰው የሚፈታው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። በደጋው አገር ትልልቆቹ ወንዞች የሚሄዱት ገደል ውስጥ ነው። የአባይን በረሃ የወረደ ያውቀዋል፤ ሸለቆው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ትንሹም ወንዝ ይሞላል። ማዶ ያለው ሰው እየታየህ፣ ስትጣራም እየሰማህ፣ ውሃው እስኪጎድል ላትደርስበት ትችላለህ። አባይ ላይ እንኳ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ወንዝ ከማገናኘቱ ይልቅ መለያየቱ ይበዛል። «የወንዜ ልጅ» ለኔ «ወንዝ ያልለየን» ማለት ነው።

«ተሻገረ» የሚለውን ግስ ተከተሉት፤ የት የት እንደገባ ታያላችሁ። ደካማ ምክንያት «ወንዝ አያሻግርም»። ደረቅ የቢሮ ደብዳቤ እንኳ «ከዚህ ባሻገር» ይላል፤ ጸሐፊው ግን ወንዝ ትዝ አይለውም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የመጣው «የሽግግር መንግሥት» ተባለ። ለአዲስ ዓመትም «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» እንባባላለን። ያውም ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ መጉደል በሚጀምርበት ሰሞን! የመጨረሻዋ ግጥምጥሞሽ ልትሆን ትችላለች፤ ደስ ስላለችኝ ነው የጨመርኳት።

መላሽ 2፦ ስለ «ተሻገረ» ያልከው ጥሩ ነው። ውሃ መጋራቱን ግን እንዲሁ አትለፈው። ላቲኖችም ከጅረት ያወጡት ቃል አላቸው። «ሪቩስ» ጅረት ነው፤ «ሪቫሊስ» ደግሞ ከአንድ ጅረት ወይም ቦይ ውሃ የሚስብ ሰው። እ.ኤ.አ. በ533 የወጣው የሮማ ሕግ ስብስብ፣ ዳይጀስት የሚባለው፣ ቃሉን በቀጥታ በዚህ ፍቺ ይጠቀምበታል። ይኸው ቃል ግን በላቲን ራሱ «ተቀናቃኝ» ማለትም ሆነ። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የቀረውም ይሄ ሁለተኛው ፍቺ ነው።

መላሽ 1፦ ይሄማ የኔን ነው የሚያጠናክረው! ነገሩ ውሃ መጋራት ቢሆን ኖሮ እኛም የጠብ ቃል ይወጣልን ነበር።

መላሽ 2፦ ቆይ እንጂ። የሮማው ሰው ውሃውን በቦይ ይካፈላል፤ አንዱ ሲከፍት ለሌላው ይቀንስበታል። እኛም ዘንድ መስኖ ባለበት «የውሃ አባት» ይሾማል፤ ተራ ያስጠብቃል፣ ሲጣሉ ይዳኛል። ጠብ ባይኖር ዳኛ ምን ይሠራል? አብዛኛው የደጋ ገበሬ ግን ዝናብ ጠባቂ ነው። ወንዙ የሚቀዳበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ልጅ የሚዋኝበት ነው። እዚያ ሰው ይገናኛል እንጂ ድርሻ አይቆጥርም። ቃሉን ያወጣው ወንዙ ብቻ ሳይሆን ከወንዙ የሚፈለገው ነገር ነው።

መላሽ 1፦ እሺ፣ ይሄ ወንዝ ያሻግራል።

ጠያቂ፦ «ጎጠኛ»ስ? ጎጥም ቦታ ነው፤ ግን ስድብ ሆኗል።

መላሽ 2፦ ልዩነቱ ተናጋሪው ላይ ይመስለኛል። «የወንዜ ልጅ» ሰው ራሱ ስለ ወገኑ የሚለው ነው። «ጎጠኛ» ግን ሌላው የሚለጥፍበት ነው፤ ራሱን ጎጠኛ ብሎ የሚጠራ የለም። ደግሞ ጎጥ ልኩ የታወቀ ትንሽ የመንደር ክፍል ነው፣ አይለጠጥም። ወንዙ ይለጠጣል። አዲስ አበባ ላይ «የወንዜ ልጅ» ቢበዛ የአንድ አውራጃ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ሲሆን ግን ከየትኛውም ክፍለ ሀገር የመጣ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል።

መላሽ 1፦ «ባሕር ማዶ» አልክ? እሱም ራሱ ማዶ ነው እኮ።