ፍርሃቴን በታሮት ካርታ እያየሁት ነው፤ ጥንቆላ ውስጥ ሳልገባ እንዴት ልቀጥል?

መርፌና ክር (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ይረዝማል፤ ባሳጥረው "ጠንቋይ ሆነች" ተብዬ እንዳልቀር ፈርቼ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዕድሜዬ 36። እናቴ ደብረ ሲና ናት፤ ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጥኩም። እሷም ጉልበቷን ስለሚያማት መኪና ላይ መውጣት አትችልም። በመካከላችን ያለው ጣርማ በር ነው፤ ዋሻ ያለበት ተራራ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ልሄድ የተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን እንደጀመረ ፍሬን እምቢ አለው። ጉሙ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ሹፌሩ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ ሲያስጠጋ፣ ረዳቱ ታኮ ታቅፎ ሲዘል፣ ሰው ሲጮህ፣ ወንበር ሥር የታሰረው ዶሮ ሲጮህ፤ የማስታውሰው ይህን ነው። ሰው አልሞተም። አንድ ሰውዬ ግንባራቸው ተፈነከተ፣ የእኔ ክርን ተላጠ። "ተመስገን በይ" ይሉኛል፤ ተመስገን እላለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ብንን እላለሁ፣ መኪናው አሁንም ይንሸራተታል። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ የተመለስኩት አራት ጊዜ ነው። አንዴማ ትኬት ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ካርታው። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ገና ከሚላኖ መጥታ እኔ ጋ አረፈች። ሻንጣዋ ውስጥ ካርታ አይቼ ኮንከር እንጫወት ብዬ ብከፍተው ሥዕል በሥዕል ሆኖ አገኘሁት። ታሮት ይባላል አለችኝ። 78 ካርታ ነው፦ 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ 56ቱ ደግሞ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም ተብለው በአራት ይከፈላሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣልያን ውስጥ ሲጀመር መጫወቻ ነበር አሉ። የጥንት ግብፅ ምስጢር ነው የሚለው ወሬ የተራገበው እ.ኤ.አ. በ1781 አንቷን ኩር ደ ጄብለን የሚባል ፈረንሳዊ እንዲያ ብሎ ከጻፈ በኋላ ነው። ልብ በሉልኝ፦ ዋሻውን የቀደደው ጣልያን፣ ካርታውን የጀመረው ጣልያን። እኔ ጣልያንን ምን አድርጌው ነው?

የእሷ ካርታ ሥዕሉ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ነው፤ የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች። ከዚያ በፊት በነበሩት በአብዛኞቹ ላይ ትንንሾቹ ካርታዎች እንደ ተራ ካርታ ቁጥር ብቻ ያሳዩ ነበር፤ አምስት ሰይፍ ከሆነ አምስት ሰይፍ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ በቃ። በዚህኛው ግን በአብዛኞቹ ላይ ሰው አለ፣ አንድ ነገር ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ "አታደባልቂው፣ አትሳቢው። ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ዘርጊና አንቺን የሚመስለውን አንሺ።" ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ያነሣሁት ዘጠኝ ሰይፍ የሚባለውን ነው። ነጭ የለበሰች ሴት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ከኋላዋ ጨለማው ላይ ዘጠኝ ሰይፍ ተጋድሟል። በመጀመሪያ ያየሁት ግን የለበሰችውን ብርድ ልብስ ነው። (የደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ምን ያያል!) በቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፤ በአንዱ ቁራጭ ጽጌረዳ፣ በሌላው የኮከብ ምልክት። ይህን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰፍቶላታል አልኩ። ቀጥዬ ሰይፎቹን አየሁ። አንዱም አልነካትም።

የልኬት ደብተሬን አውጥቼ "ደረት 92፣ ወገብ 74" ከሚለው ሥር መጻፍ ጀመርኩ። ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርሃቴ ከሆዴ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥልኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። የአክስቴ ልጅ ስትሄድ ካርታውን ተወችልኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ እንዲሁ አደርግ ነበር።

ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ከፋሲካ በፊት ለመሄድ ቆርጬ፣ እናቴም ዶሮውን ገዝታ፣ ዋዜማው ማታ እጄ አላርፍ ብሎ ካርታውን አደባልቄ በጀርባው አንድ ሳብኩ። ግንቡ ወጣ። መብረቅ የመታው ግንብ፣ ከላዩ ሁለት ሰዎች በአፍጢማቸው ሲወድቁ። ቀረሁ። እናቴን "ጉንፋን ይዞኛል" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ምልክት ሆኖብኛል፤ ዘጠኝ ሰይፍና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን እንኳን ማገናኘት ጀምሬአለሁ። አያቴ በበዓል የበግ ሞራ እያዩ ዝናቡን ይናገሩ ነበር፣ ጎረቤቴ የቡናዬን ስኒ ገልብጣ "መንገድ ይታየኛል" ትላለች፤ ነገሩ በደማችን ሳይኖር አይቀርም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ይኸው ሌላ ፍርሃት።

የመጀመሪያው አካሄድ ጠቅሞኛል። ወደዚያው የምመለስበት መንገድ አለ? ወይስ ካርታውን ምድጃ ልክተተው?

ዘጻድቃኔ

እኅቴ፣ ክፉ ልናገርሽ አይደለም። ዘዳግም 18፥10 ምዋርተኛም አስማተኛም በመካከልሽ አይገኝ ይላል። "እኔ ሥዕሉን ብቻ ነው የማየው" ብለሽ ጀመርሽ፣ በዋዜማው ግን ነገን ጠየቅሽው። ራስሽ የጻፍሽው ነው። ንስሐ አባትሽን ሳትውዪ ሳታድሪ አነጋግሪ። ጻድቃኔ ማርያም እኮ ከአንቺ ሩቅ አይደለችም፤ ጠበሉን ተጠመቂ፣ ጸልዪ። ሰይፎቹ አልነኳትም ያልሽው ግን ከልቤ ገብቷል፤ አልዋሽሽም።

ሁለተኛ ማርሽ

እኔ ካርታ የማውቀው ኮንከር ነው፣ እሱንም ተበልቼበታለሁ። በዚያ መንገድ ግን አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ።

እህቴ፣ ፍሬን ዝም ብሎ እምቢ አይልም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። ጎማ ጎማ የሚል ሽታ ይመጣል። ደህና ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ይቀንስና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ኡኡ" ሲል ተሳፋሪ ይደነግጣል፤ እኔ ደስ የሚለኝ ያኔ ነው። መፍራት ያለብሽ ጸጥ ብሎ ሲወርድ ነው።

ሌላ፦ በጠዋት ሂጂ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጪ፣ "ወንድሜ፣ ቁልቁለቱን በስንት ትወርዳለህ?" ብለሽ ጠይቂው። ከተቆጣ ውረጂ። መኪና ሞልቷል።

ሲስተር ዘ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አስተያየትሽን ሳነብ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አየሁ፤ ስማቸው አንድ በመሆኑ ተደበላልቀውብሻል።

ፊቱን ዘርግተሽ ስትመርጪ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ሥዕሉ መስቀያ ነው፣ ልብሱ የራስሽ። በጀርባው ስትስቢ ግን የሚናገረው ዕጣው ይሆናል፤ አንቺ ሰሚ ትሆኛለሽ። የፈራ ሰው ደግሞ ክፉውን ብቻ ነው የሚሰማው። ግንቡ ባይወጣ ኖሮ በሞት ካርታ ትቀሪ ነበር፣ እሱ ባይወጣ በጨረቃ። የወጣውን ሁሉ በልክሽ ትሰፊዋለሽ፤ ልብስ ሰፊ አይደለሽ? እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ "ይህ የየግላችሁ ጠባይ ነው" ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ምን ያህል ይገልጻችኋል ቢላቸው ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ሁሉም የደረሳቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፣ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተቃረመ።

ግን ካርታው ከዋናው ነገር እንዳያዘናጋሽ። ከመናኸሪያ በተመለስሽ ቁጥር የሚሰማሽ እፎይታ ለፍርሃቱ ቀለብ ነው፤ በሚቀጥለው ጠንክሮ ይመጣል። በሥዕል ማየት ደጁን ይከፍታል እንጂ ከቤት አያወጣም። በትንሽ በትንሹ ሂጂ። በመጀመሪያ ቆሞ መኪና ውስጥ ገብተሽ ልብሽ እስኪረጋ ተቀመጪና ውረጂ። ይህ ሲለምድሽ ጉዶ በረት ድረስ ሄደሽ ተመለሽ። ከዚያ ዋሻው አፍ ድረስ፣ በኋላ ማለፍ። ልብሽ እየመታ ሳለ አትውረጂ፤ ሲበርድ ውረጂ፣ ዋናው ብልሃት እሱ ነው። ብቻሽን አትጀምሪው፣ ሰው ይኑርሽ።

ደግሞም ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት የሚያባንን ነገር በጓዳ ብቻ የሚያዝ አይደለም። የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂጂ። ጠበሉንም አትተዪ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የመሐል ሜዳ መምህር

ሥዕል አስተምራለሁ፣ አጭር ነገር ልበል። ያቺ አልጋ ላይ ያለችው ሴት የለንደን ሴት ናት። አንቺ ልብስ የምትነድፊ ሰው ሆነሽ የሌላ ሰው ሥዕል ለምን ትለምኛለሽ? ካርቶን ቁረጪና የራስሽን ካርታ ሣዪ፦ ዋሻው፣ ጉሙ፣ ረዳቱ፣ ዶሮውም ይኑር። አያምርም ብለሽ አትፍሪ። ይህን ካደረግሽ ጥንቆላ ነው የሚልሽም አይኖርም።

መርፌና ክር (ደብረ ብርሃን)

አምስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዘጻድቃኔንም ጭምር፣ መጀመሪያ ተቀይሜህ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ካርታው ከቤት ይውጣ አሉ፤ እንደጠበቅኩት። ነገር ግን "እስቲ ምን ታየሽበት?" ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሰይፎቹ፣ ስለ ብርድ ልብሱ ስነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እንዲህ ረጅም ጊዜ ሰምተውኝ አያውቁም። ካርታውን በሻሽ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ይዛው ትሄዳለች። ምድጃ አልከተትኩትም፣ የሰው ንብረት ነው።

መምህር፣ ሣልኩት። የሸሚዝ ካርቶን ላይ፣ በልብስ ጠመኔና በእርሳስ። ጉሙን በጠመኔው አደረግኩት፣ እሱ እንኳን አማረ። ዶሮው ድመት መስሏል። ረዳቱን ከሣልኩ በኋላ ግን ታኮውን የት ላድርገው ብዬ ቆምኩ። እጁ ላይ? ከጎማው ሥር? ቡናው ፈልቶ እስኪገነፍል አሰብኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌሊት የማየው መኪና አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይንሸራተታል፣ እኔም ሁልጊዜ እዚያው ላይ እባንናለሁ። ከጎማው ሥር ሣልኩት። ያኔ ቆመ። እውነቱም ይኸው ነው፣ ቆሞ ነበር። ወርደን መንገድ ዳር ተቀምጠን፣ አንዲት ሴትዮ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ አደሉን፤ ረዳቱ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲቆረጥም አይቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

መባነኑ አልቀረም፤ ሆስፒታል ቀጠሮ ይዤአለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከጎረቤቴ ጋር (ስኒዋን እንዳታይልኝ አስምያት) ጉዶ በረት ደርሰን ተመለስን። ሹፌሩን በስንት እንደሚወርድ ብጠይቀው "እዚህ ምን ቁልቁለት አለ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሳቅ ቁጣ ነው አይደለም?

ከጉዶ በረት ለእናቴ ደወልኩላት። የት እንደሆንኩ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ "በይ፣ ቆሎውን በሹፌር ልላክልሽ?" አለችኝ። አትላኪ፣ ይቆየኝ አልኳት። የዋሻውን ቀን ገና አልቆረጥኩም።