የ17 ዓመት ልጄ ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ መሆን ይፈልጋል፤ መንገዱን የምታውቁ ምከሩኝ

የአራት ኪሎው አባት (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ አባላት፣

አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። መካከለኛው ልጄ 17 ዓመቱ ሲሆን ዘንድሮ ከ11ኛ ወደ 12ኛ ክፍል አልፏል። በአንድ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ታቅፎ በኮርስ ብስክሌት ይወዳደራል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ ገልብጦ ካቴናውን በናፍጣ ማጠብ ሲጀምር እናቱ የወጥ ቤት ጨርቆቿን ሰብስባ ትደብቃለች።

አሁን ያነሣው ጉዳይ ግን ከልምምድ ያለፈ ነው። 12ኛ ክፍልን አቋርጦ ሙሉ ጊዜውን ለብስክሌት መስጠት፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ለአውሮፓ ቡድን መፈረም እንደሚፈልግ ነግሮናል። ጽጋቡ ግርማይ ከመቀሌ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በ2024 በዚያው ውድድር የሦስት ቀናት አሸናፊ ሆኖ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ መውሰዱን እየጠቀሰ፣ ከአዲስ አበባስ ለምን አይሆንም ሲል ይሞግተኛል።

የሩጫውን መንገድ እንደማንኛውም የከተማችን ነዋሪ በመጠኑ አውቀዋለሁ። የብስክሌቱን ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም፤ አሠልጣኙም «ተሰጥኦ አለው» ከማለት አልፎ አይነግረኝም። ከዚህ ከተማ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ዋናው እንቅፋት ምንድን ነው? ገንዘቡ ነው፣ ዕድሜው ነው ወይስ የእግሩ ጉልበት? ትምህርቱን ማቋረጡስ ይጠቅመዋል?

የቀድሞ የክለብ ጋላቢ

ጋሼ፣ ልጅዎ የጠቀሳቸው ሁለት ስሞች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ ጋላቢዎች በየት በኩል እንደገቡ አልነገረዎትም። ጽጋቡ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በደቡብ አፍሪካ ባቋቋመው ማሠልጠኛ አልፎ በ2012 ኤምቲኤን-ኩቤካ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተቀላቀለ፤ የጣሊያኑ ቡድን ላምፕሬ-ሜሪዳ ያስፈረመው በ2015 ነው። ቢንያምም ስዊዘርላንድ፣ ኤግል በሚገኘው የዚሁ ማኅበር ማዕከል ቆይቶ፣ ገና በወጣቶች ዕድሜ ከአውሮፓ እኩዮቹ ጋር ተወዳድሮ ነው ፕሮፌሽናል የሆነው። በ2015 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው በአፍሪካ የተመዘገበ ቡድን ኤምቲኤን-ኩቤካ ነበር፤ የኛንም የኤርትራንም ልጆች ይወስድ ነበር። በ2021 መጨረሻ ግን ስፖንሰር በማጣቱ ከከፍተኛው ደረጃ ወጣ። ስለዚህ ጽጋቡ የተሻገረበት ድልድይ ዛሬ በቦታው የለም፤ ልጅዎ ሌላ መሻገሪያ መፈለግ ይኖርበታል።

ዋናው እንቅፋት በኔ አስተያየት የውድድር ማነስ ነው። የቤልጂየም ልጅ በ17 ዓመቱ ከመጋቢት እስከ መስከረም ድረስ በየሳምንቱ መጨረሻ መቶና ከመቶ በላይ ጋላቢ በተሰለፈበት ውድድር ይገባል። እኔ በጋለብኩበት ዘመን እኛ የምንወዳደረው በጥቂት ሰው፣ ብዙውን ጊዜም በተዘጋ የከተማ ዙር ላይ ነበር፤ ጠንካራው ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ይበታተናል፣ ማንም ማንንም ተጠግቶ መጋለብ አይማርም።

ይህ በአውሮፓ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ጋላቢዎቹ አንዱ ለሌላው ከለላ እየሆነ ከመንገዱ አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው በሰያፍ ይሰለፋሉ። ጠባብ የገጠር መንገድ በዚህ ሰልፍ ከአሥራ አምስት ሰው ብዙም የበለጠ አይችልም። ቦታ ያላገኘው ቀጣዩ ሰው ጎማውን አስፋልቱ አፋፍ ላይ ለጥፎ፣ ያለ ከለላ፣ ከፊተኞቹ እጅግ የሚበልጥ ጉልበት እያፈሰሰ ይከተላል፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሎ ከፊቱ ያለው ጎማ አንድ ሜትር ሲርቀው የዚያ ቀን ውድድሩ አለቀ ማለት ነው። ያ ልጅ በእንጦጦ ዳገት ላይ የፊተኞቹን ሁሉ ሊያሸንፍ የሚችል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ በትከሻ እየተገፋፋ ወደ ፊት መጠጋት ስላልለመደ ብቻ ይቀራል፤ ይህንን ደግሞ ብቻውን በመለማመድ ሊማረው አይችልም።

ትምህርቱን እንዲያቋርጥ አልመክርም። በወጣቶች ምድብ የሚዘጋጅ ውድድር ከ140 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የልምምድ ሰዓት ከትምህርት ጋር አብሮ ይሄዳል። ትምህርቱን ትቶ የሚያገኘው ትርፍ ሰዓት አንድም ተጨማሪ ውድድር አያመጣለትም።

የስፖርት ሳይንስ መምህር

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ የእግር ጉልበት ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ዛሬ የአውሮፓ ቡድን ስለ አንድ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ስንት ዋት (የጉልበት መለኪያ ነው) ያወጣል የሚለውን ነው። በታላላቆቹ ዘንድ በረጅም ዳገት ላይ ለሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ በኪሎ ስድስት ዋት ገደማ ማውጣት የተለመደ ሆኗል። ልጁ ይህ ቁጥር ከሌለው አሠልጣኙ ‹‹ተሰጥኦ አለው›› ማለቱ ለማንም ማስረጃ አይሆንም።

ከፍታችንም በሁለት በኩል የሚታይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ኦክስጅን በመሸከም ይጠቀማል፤ በአንጻሩ አየሩ ስስ በመሆኑ በልምምድ ጊዜ ጡንቻውን ዝቅ ባለ ቦታ እንደሚሠራው ያህል ሊያሠራው አይችልም። ሁልጊዜ እንጦጦ ላይ ብቻ የሚለማመድ ልጅ ጽናት ይኖረውና በውድድሩ መጨረሻ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጎድለዋል። ስለዚህ ከባዱን የፍጥነት ልምምድ አልፎ አልፎ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ ወርዶ ቢሠራ ይመረጣል። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ በአሮጌው መንገድ መሄድ ግድ ነው፤ በዚያ ላይ ያለውን የጭነት መኪና ብዛት ግን ለወላጅ መንገር አያስፈልግም።

ስለ ዕድሜው፦ በዓለም አቀፉ ደንብ 17 እና 18 ዓመት ወጣት፣ ከ19 እስከ 22 ደግሞ ከ23 ዓመት በታች ተብሎ ይመደባል። ቀድሞ ቡድኖች የሚመለምሉት ከሁለተኛው ምድብ ነበር። ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኤቨነፑል በ2019 ከወጣቶች ምድብ በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ከገባ፣ ስሎቬኒያዊው ታዴ ፖጋቻርም በ2020 ገና በ21 ዓመቱ ቱር ደ ፍራንስን ካሸነፈ ወዲህ ምልመላው ወደ 17 እና 18 ዓመት ልጆች ወርዷል። ይህ ለኛ ልጆች ከባድ ዜና ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ደህና ብስክሌት የሚያገኙት በዚያ ዕድሜ ላይ ነው።

ሰንሰለት ሻጭ

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልጨምር። በ2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ የኮርስ ብስክሌት ዕቃ ደግሞ ተፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ነጋዴው ብዙ አያስገባም። ዘመናዊው የዲስክ ፍሬን ወይም የአሥራ ሁለት ማርሽ ሺማኖ ዕቃ ሲበላሽ በአገር ውስጥ ምትክ የማግኘቱ ነገር የዕድል ጉዳይ ነው፤ የሰፈር ጎሚስታም አይነካውም። ለልምምድ ቀለል ያለ፣ ዕቃው መርካቶ የሚገኝ ብስክሌት ይግዙለት። ለመንገዳችን ጠርዝና ለጉድጓድ ክዳኖቹ የሚሆን ወፈር ያለ ጎማም አይርሱ።

ትግስት (የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ጋላቢ)

ጋሼ፣ ከላይ የጻፉት ወንድሞቼ ሁሉም ያልነኩት የወረቀቱ ጉዳይ አለ። የሼንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ያስቆያል፤ የአውሮፓ የውድድር ወቅት ደግሞ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣለት ቡድን ያላገኘ ጋላቢ አቋሙ ሲስተካከል ወደ አገሩ ይመለሳል። እኔ ራሴ ለአንድ ውድድር ተመርጬ፣ ጓዜን ሸክፌ፣ ብስክሌቴን በካርቶን አሽጌ ስጠብቅ ቪዛው ከውድድሩ በኋላ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ፓስፖርቱን ከአሁኑ ያውጡለት።

ውልን በተመለከተ ሁሉም ‹‹ፕሮፌሽናል›› አንድ አይደለም። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያሉት ቡድኖች በደንብ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ አዲስ ገቢውንም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ማስፈረም አለባቸው። ኮንቲኔንታል በሚባለው በሦስተኛው ደረጃ ግን ይህ ግዴታ የለም፤ አንዳንዱ ማሊያና ማደሪያ ብቻ ይሰጣል። ወረቀቱን አንብቦ የሚረዳ ልጅ እዚህ ላይ አይታለልም፤ ለኔ ለ12ኛ ክፍል ከሁሉ የበለጠው ምክንያት ይህ ነው። ለሴቶቹ በከፍተኛው ደረጃ ዝቅተኛ ደመወዝ የተወሰነው በ2020 ነው፤ መነሻውም በዓመት 15,000 ዩሮ ነበር። ሴት ልጅም ካለዎት ይህንን ይያዙት።

ለልጅዎ የምመክረው በአህጉራችን ያሉትን ውድድሮች እንዲያልም ነው። በየካቲት የሚካሄደው የሩዋንዳ ዙር የአውሮፓ ቡድኖች የሚመጡበት ነው፤ በ2025 የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ የተካሄደውም እዚያው ኪጋሊ ላይ ነው። የወንዶቹ ውድድር 267 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከተሰለፉት ውስጥ የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው።

የአራት ኪሎው አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጁ አንብቤለታለሁ፤ የነፋሱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል። ፓስፖርቱን እናወጣለን፤ ለ12ኛ ክፍልም እንደሚመዘገብ ተስማምተናል፣ ምንም እንኳ ፊቱ ባይፈታም። መምህር፣ ዋት የሚለካውን መሣሪያ ለመግዛት አቅም የለንም። ያለዚያ ጉልበቱን ማወቅ ይቻላል?

የስፖርት ሳይንስ መምህር

በግምት ይቻላል። ከፍታቸውን በካርታ የሚያውቋቸው ሁለት ነጥቦች ያሉበት፣ ከሃያ ደቂቃ ያላነሰ፣ ቁልቁለት የማይገባበት ዳገት ይምረጡ፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው መንገድ እሑድ ማለዳ መኪና ሳይበዛበት ይሆናል። ነፋስ በሌለበት ቀን ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ይውጣ፤ የወጣውን ከፍታ በሜትር ለፈጀበት ጊዜ አካፍለው በሰዓት ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደሚወጣ ያስሉ። ታላላቆቹ ዝቅ ባሉ ተራሮች፣ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ በሰዓት ከ1,600 ሜትር በላይ ይወጣሉ። በኛ ከፍታና ዳገቱም ለስላሳ ሲሆን ቁጥሩ በጣም እንደሚያንስ ይወቁ፤ ስለዚህ ከነሱ ጋር ከማነጻጸር ይልቅ በየሁለት ወሩ በዚያው መንገድ ደግመው ከራሱ ጋር ያነጻጽሩት። ክብደቱንም በዚያው ቀን ጠዋት ይመዝግቡ፤ የመጀመሪያውን ውጤት እዚህ ብትለጥፉልኝ ወደ ዋት ቀይሬ እመልስላችኋለሁ።