«ሀዋሳ ያጣችው አዳራሽ ሳይሆን ተመልካች ነው» ላሉት ሰውዬ

ታቦር ሥር፦ ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ የቴአትር ቤት ጥያቄ ሲነሳ፣ መድረክ ላይ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ «ሀዋሳ ያጣችው አዳራሽ ሳይሆን ተመልካች ነው» ብለው አረፉት። ተጨበጨበላቸው ደግሞ! በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይን የሚሞላው ሕዝብ ታዲያ ምንድን ነው? ዩኔስኮ በ2008 የመዘገበው ባዶ ሜዳ ነው?

አቶቴ፦ ረጋ በል ወንድሜ። ሰውዬው እውነታቸውን ነው። ቄጣላ፣ የበዓሉ ጭፈራ ላይ ተመልካች የለም፣ የመጣው ሁሉ ጨፋሪ ነው፣ በነጻ ነው፣ በዓል ነው። ቴአትር ትኬት ቆርጠህ፣ ስልክህን ዘግተህ፣ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዓት የምትቀመጥበት ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ቡድን ሲመጣ ገብቼ ከሰው ይልቅ ወንበር ነው ያየሁት።

ታቦር ሥር፦ ትኬቱ ስንት ነበር? ማስታወቂያውስ የት ተለጥፎ ነበር? ፒያሳ አንድ ግንብ ላይ ብቻ ለጥፎ «ሕዝቡ አልመጣም»።

ከባሕር ማዶ፦ እኔ የምኖረው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎዌል የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች፣ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ወና ሆና ቀረች። በ1978 እንደ ፈረንጆቹ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አደረጓት፣ በዓመቱ የራሷ ቴአትር ቤት ተቋቋመ። ቡት የሚባለው ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ የሽመና መኪኖቹ ለጎብኚ ይሠራሉ። ሌላው የሠዓሊዎች ስቱዲዮ ሆኗል። ነዋሪዋ እኮ ከመቶ ሺህ ትንሽ ነው የሚበልጠው! ሀዋሳ በብዙ ትበልጣታለች። ቤቱ ይሠራ፣ ተመልካቹ ይመጣል።

አቶቴ፦ ጋሼ፣ የእርስዎዋ ከተማ ፋብሪካው ከሞተ በኋላ ነው ጥበብ የጀመረችው። የእኛን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 መርቀን፣ በ2014 አጎዋ፣ ያ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የምንልክበት ዕድል፣ ሲነሳብን እሱ ራሱ እንዳይዘጋ ስንጸልይ ነበር። ሙዚየም እንዲሆን ነው የሚመኙልን?

ባለሽፍቷ፦ ፓርኩ ውስጥ ሠርቻለሁ። በ2011 የወጣ ጥናት የመነሻ ደሞዛችንን በወር 26 ዶላር ብሎት ነበር። ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን ትኬት እንቁረጥ? ተመልካች የለም የሚሉት እኛን ሳይቆጥሩ ነው። 52 ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ሲታቀድ፣ ከሽፍት የወጣች ልጅ ማታ ምን ታያለች ብሎ ያሰበ አለ? እሁድ ቀን ቴአትሩን ሰፈራችን ድረስ አምጡትና የሚቀር ሰው ካለ እዩ።

ከባሕር ማዶ፦ እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ሎዌልም መጀመሪያ የሠሩት ከገጠር የመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በ1840ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ፣ ከሥራ በኋላ ራሳቸው የጻፉትን መጽሔት ያወጡ ነበር።

ታቦር ሥር፦ ጋሼ፣ ጨርሱት እንጂ! እነዚያው ልጆች በ1834 ደሞዝ ሲቀነስባቸው አድማ መተዋል። ይሄኛውን ለምን ዘለሉት? 😄

ሎጊታ፦ ሁላችሁም ዋናውን ነገር እየዞራችሁት ነው። ቴአትሩ በማን ቋንቋ? ከአዲስ አበባ የተሠራ የአማርኛ ቴአትር ለአንድ ሌሊት አምጥታችሁ ሕዝቡን ትፈርዱበታላችሁ። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ የተጻፈ ጥሩ ሥራ አቅርቡና ወንበሩ ባዶ ከሆነ ያኔ እናወራለን።

አቶቴ፦ ይኸው፣ ቋንቋ ገባ። ማታውን በሰላም አናድርም።

ባለሽፍቷ፦ እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፣ አብራኝ የምትኖረው ጌዴኦ ናት። በምንም ቋንቋ ይሁን፣ ከሳቅን በቂ ነው።

ሎጊታ፦ አንቺን ማን ተናገረሽ እህቴ? እኔ ያልኩት ከተማዋ ስንት ቋንቋ እንደምትናገር ቆጥረው ይጀምሩ ነው።

የአዳማው፦ ሰላም ጎረቤቶች። እኛ ገልማ አባ ገዳን የሚያህል አዳራሽ አለን። ምነው ሐይቅ ይዛችሁ አዳራሽ አጣችሁ?

ታቦር ሥር፦ ገልማው ውስጥ ከስብሰባና ከሰርግ ሌላ ስንት ቴአትር አይተሃል? እውነቱን!

የአዳማው፦ ... ቢያንስ ወንበሩ ምቹ ነው።

ታቦር ሥር፦ እኛም የባህል አዳራሽ አለን፣ ሲምፖዚየም ነው የሚውልበት። ሰውዬው «አዳራሽ አላጣችም» ያሉት ለዚህ ከሆነ ልክ ናቸው። ቁልፉን ግን ማን ነው የያዘው? የልጆች የቴአትር ክበብ ልምምድ የሚያደርገው ዛፍ ሥር ነው፣ አዳራሹ ለስልጠና ተይዟል እየተባለ።

አቶቴ፦ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የቁልፍ ሆነ? ቅድም የትኬት ነበር፣ ቀጥሎ የማስታወቂያ።

ታቦር ሥር፦ አንተ ለመጨረሻ ጊዜ ትኬት የቆረጥከው ለምንድን ነው?

አቶቴ፦ ለሀዋሳ ከተማና ለሲዳማ ቡና ጨዋታ።

ታቦር ሥር፦ አያችሁ! ስታዲየም ስለተሠራ ነው የሄድከው።

አቶቴ፦ ስታዲየሙ ሳይሠራም እሄድ ነበር። አጥር ተንጠልጥዬ።

ሎጊታ፦ ለማን ደግፈህ?

አቶቴ፦ እሱን ለብቻህ በውስጥ መስመር።